ጳጉሜን የረሳው መዝገብ

የዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ ከሰቆጣ ከተማ የደረሰን የአንድ ወጣት ወንድማችን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚጠይቀው ስለ ኮምፒዩተር ቢሆንም፣ አንብበን ስንጨርስ ልባችን ላይ የቀረው የአንዲት እናት ክብር ነው። ስለዚህ ታሪኩን አስቀድመን፣ ትምህርቱን እናስከትላለን።

የወንድማችን አባት በሰቆጣ ገበያ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ልብስ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ዱቤ ይሰጣሉ። ዱቤውን ለብዙ ዓመታት በደብተር ሲይዙ ኖረው፣ በልጃቸው ጉትጎታ ከሌላ ከተማ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ገዙ። ፕሮግራሙ በብራውዘር ይከፈታል፤ መዝገቡ ግን የሚቀመጠው በሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ነበር። የሠሩት ሰዎች ወሮችን የቆጠሩት 12 አድርገው ነው። በጳጉሜን 3 ቀን አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት መጥተው ዕዳቸውን ከፈሉ። ወንድማችን ጳጉሜን የሚባል ወር ከዝርዝሩ ቢያጣ "መስከረም 3" ብሎ መዘገበው። የዓመቱ ሂሳብ ተዘግቶ ሲታተም የእናቲቱ ስም ካልከፈሉት ጋር ወጣ።

ልጁ በሌለበት ዕለት አባት ወረቀቱን አምነው እኚህን እናት በሰው ፊት ጠየቋቸው። እሳቸውም "ከፍያለሁ" አሉ። መዝገቡ ተከፍቶ እንዳይጣራ ኔትዎርክ አልነበረም። እናቲቱ አልቅሰው ሄዱ። እውነቱ የታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ፕሮግራሙን የሸጠው ወገን ሲጠየቅ "ወደፊት እናስተካክላለን" ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠም። አባት ኮምፒዩተሩን በጨርቅ ሸፍነው ወደ ደብተራቸው ተመለሱ።

ወንድማችን የሚጠይቀን እንግዲህ ይህን ነው። "በብራውዘር የሚከፈት፣ ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራ፣ ሲሳሳት እኔው ራሴ ከፍቼ የማርመው መዝገብ መሥራት እችላለሁን? ከየትስ ልጀምር?"

መልሳችን "አዎን፣ ትችላለህ" የሚል ነው። መንገዱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ዛሬ ብዙ ወጣቶቻችን ስሙን ያልሰሙትን፣ ለዚህ ጥያቄ ግን የተፈጠረ የሚመስለውን አንዱን መንገድ እናስተዋውቃለን። ስሙ ስሞልቶክ ይባላል።

ከሁሉ በፊት አንድ የተሳሳተ ግምት እናርም። ብዙ ሰው በብራውዘር የሚከፈት ነገር ሁሉ ኢንተርኔት የሚፈልግ ይመስለዋል። ብራውዘር ሥራው ጥያቄ መላክና የመጣለትን ገጽ ማሳየት ነው። ጥያቄውን የሚቀበለው ሰርቨር ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ያለው ላፕቶፕም ሊሆን ይችላል። አንድ ላፕቶፕና አንድ የዋይፋይ ራውተር ካሉ፣ ኢንተርኔት ጨርሶ ሳይኖር አባት ከባንኮኒው፣ ልጅ ከመጋዘኑ በስልኩ ያንኑ መዝገብ ሊያዩት ይችላሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት እንደቆየ የምናስታውስ ሰዎች፣ ይህ ልዩነት ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ለመሆኑ ስሞልቶክ ምንድን ነው? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የተወለደ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አለን ኬይ፣ ዳን ኢንጋልስና አዴል ጎልድበርግ ከመሥራቾቹ መካከል በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። እህቶቻችን ልብ ይበሉ፤ ጎልድበርግ ሴት ስትሆን፣ ቋንቋውን ለዓለም ያስተዋወቁትን መጻሕፍት ከጻፉት አንዷ ነች። አለን ኬይ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ጽሑፍ ያለመው ልጅ በእጁ ይዞት የሚዞር፣ ከፍቶ የሚያየውና እንደ ልቡ የሚቀርጸው ኮምፒዩተር ነበር። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ክፍል የሚሞላ ዕቃ ነበርና ሐሳቡ ለብዙዎች እንግዳ ነበር።

በስሞልቶክ ሁሉም ነገር "ኦብጀክት" ይባላል፤ ሥራ ሁሉ የሚሠራውም መልእክት በመላክ ነው። ይህን ለመረዳት የሰቆጣን ገበያ ማሰብ ይበቃል። ነጋዴው ልጁን "ወደ መጋዘን ሂድና ስንት ኩንታል ስኳር እንደቀረ ጠይቅ" ብሎ ይልከዋል። መጋዘን ጠባቂው እንዴት እንደሚቆጥር ያውቀዋል፤ ነጋዴው የሚፈልገው መልሱን ብቻ ነው። በስሞልቶክም እንዲሁ "ደንበኛ" ለሚባለው ኦብጀክት "ዕዳህ ስንት ነው?" የሚል መልእክት ይላካል፤ እርሱም አስልቶ ይመልሳል። ሦስትን ከአራት መደመር እንኳ ሦስት ለሚባለው ቁጥር "አራትን ደምር" ተብሎ የሚላክ መልእክት ነው። ቋንቋው የራሱ አድርጎ የከለላቸው ቃላት ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ ሕጉ ሁሉ በአንድ ገጽ ሊጻፍ ይችላል።

ከሌሎች ቋንቋዎች የሚለየው ዋናው ጠባዩ ግን ሕያው መሆኑ ነው። ሕያው ማለታችን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ውስጡ ይታያል፣ ይመረመራል፣ ይታረማል ማለታችን ነው። በተለመደው አሠራር ፕሮግራም ይጻፋል፤ ይሞከራል፤ ሲሳሳት ይቆማል፤ ታርሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ወፍጮ የሚወቀረው ቆሞ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። ስሞልቶክ ግን እየፈጨ የሚወቀር ወፍጮ ነው።

ይህን ጠባይ ወደ ብራውዘር ያመጣው ሲሳይድ የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በአቪ ብራያንትና በጁሊያን ፊትዘል የተጀመረ ነው። ዛሬ ሲሳይድን አብዛኛው ሰው የሚሠራበት ፋሮ በተባለው የስሞልቶክ ዓይነት ላይ ነው። ፋሮ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከታላቅ ወንድሙ ከስኩዊክ ተለይቶ የወጣ ሲሆን፣ ከማዕከሎቹ አንዱ በፈረንሳይ ሊል ከተማ ያለው የምርምር ተቋም ነው። ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው። አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካለበት ከተማ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መሄድ ይቻላል።

የሲሳይድ የመጀመሪያ ትምህርት ቆጣሪ ነው። ገጹ ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ሁለት ማገናኛዎች አሉ፤ አንዱ ሲነካ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሌላው ሲነካ ይቀንሳል። ቀላል ቢመስልም ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ለማገናኛው "ስትነካ ይህን ሥራ" ብሎ ትእዛዙን እዚያው ያያይዝለታል፤ አድራሻ ማውጣትና ጥያቄውን ከገጽ ወደ ገጽ ማሻገር የሲሳይድ ፋንታ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ገጽ ሌላውን ገጽ ጠርቶ መልስ ይጠብቃል። "ደንበኛ ምረጥ" የሚለው ገጽ ተከፍቶ የተመረጠውን ስም ይዞ ይመለሳል፤ ዱቤ የሚመዘግበው ገጽም ካቆመበት ይቀጥላል። ይህም ያው ልጁን ወደ መጋዘን ልኮ እንደሚጠብቀው ነጋዴ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጳጉሜን እንመለስ። ደብዳቤው ከደረሰን በኋላ እኛም በላፕቶፓችን ሞከርነው። ትንሽ የዱቤ መዝገብ ሠርተን፣ ሆን ብለን የወሮቹን ዝርዝር 12 ብቻ አደረግነው። ከዚያም በስልካችን ብራውዘር ከፍተን በ13ኛው ወር ክፍያ ልንመዘግብ ሞከርን። ስልኩ ላይ ያለው ገጽ መልስ እየጠበቀ ቆመ፤ ላፕቶፑ ላይ ግን ስህተት መርማሪው መስኮት ተከፈተ። መስኮቱ የተጠየቀው ቁጥር ከዝርዝሩ ወሰን ውጭ መሆኑን ነገረን፤ ስህተቱ የተፈጠረበትን መስመር፣ ማን ማንን ጠርቶ እዚያ እንደደረሰ፣ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ኦብጀክት የያዘውን ነገር ሁሉ አሳየን። እዚያው መስኮት ውስጥ በዝርዝሩ መጨረሻ "ጳጉሜን" ብለን ጨመርን፤ "ቀጥል" የሚለውን ተጫንን። ስልኩ ላይ ሲጠብቅ የነበረው ገጽ ክፍያውን መዝግቦ መጣ። ያቆምነውም፣ እንደገና ያስነሣነውም ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የቀረው የጳጉሜንን ቀኖች መቁጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ካልሆነ 5 ናት። 2015 ለአራት ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 እንደነበረች እናስታውሳለን። የሚቀጥለው 2019 ነው። ይህን ሕግ ባሕር ማዶ ያለ ፕሮግራም ጸሐፊ ላያውቀው ይችላል። የሰቆጣ ልጅ ግን ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ የሚያውቀው ነገር ነው። በሂጅራ አቆጣጠርም ለሚሠራ ቤተሰብ እንዲሁ ነው፤ ሦስቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ማሳየት የሚጠቅመው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ፊደላችንስ? የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። "ሀ" በዚያ ሰንጠረዥ 4608 የሚል ቁጥር አላት፤ ፋሮም ያውቃታል። በመሆኑም የደንበኞች ስም በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። በዋግ ኽምራ የሚነገረውን ኽምጠኛን ለመጻፍ ለሚፈልጉም፣ እንደ "ጘ" ያሉት የአገው ቋንቋዎች ፊደላት በዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ አሉ። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ እነዚህን ፊደላት የያዘ የፊደል ቅርጽ መጫኑን ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል፤ አለዚያ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይታያል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ "ይህ ነገር ለኛ አገር እንግዳ ነው" ይል ይሆናል። እንግዳስ አይደለም። በ2008 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ "ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" በሚለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ የተሠሩት ኤክስ-ኦ የተባሉት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች፣ በምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት በአዲስ አበባና በገጠር ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች በሺዎች ተሰጥተው ነበር። በእነዚያ ላፕቶፖች ውስጥ ልጆች ሥዕል ስለው የሚያንቀሳቅሱበት ኢቶይስ የተባለ መሣሪያ ሲኖር፣ የተሠራው በስሞልቶክ ነው። ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን እንዲያሳይ የተዘጋጀው "አኪሊ" የተባለው ፕሮግራምም በስኩዊክ ስሞልቶክ የተጻፈ ነበር። አኪሊ በስዋሂሊ አእምሮ ማለት ሲሆን፣ ምንጩ የዐረብኛው "ዐቅል" ነው፤ እኛም በአማርኛ "አቅል" የምንለው ያንኑ ነው።

የዚያ ሙከራ መጨረሻስ ምን ሆነ? ወደ አገር አቀፍ ሥራ ሳያድግ ቀረ። ላፕቶፖቹ ውስጣቸውን ለሚከፍት ልጅ እንዲታዩ ሆነው የተሠሩ ነበሩ፤ የፕሮግራሙን ምንጭ የሚያሳይ ቁልፍ እንኳ ነበራቸው። ነገር ግን ክፍት በር ብቻውን ሰው አያስገባም። ልጁን እጁን ይዞ የሚያስገባው፣ መጀመሪያ ራሱ የገባበት ታላቅ ወንድም፣ እህት ወይም መምህር ያስፈልጋል። ከሰቆጣው ወንድማችን ተስፋ የምናደርገው ይህን ነው። ዛሬ ለአባቱ ሱቅ የሚማረውን ነገ ለሰፈሩ ልጆች ያሳያል፣ ኢንሻአላህ።

የውጭውም ዓለም ታሪክ የሚያስተምረን አለ። ከሲሳይድ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው አቪ ብራያንት ዳብል-ዲቢ የተባለውን፣ ማንኛውም ሰው በብራውዘር የራሱን መዝገብ የሚያበጅበትን አገልግሎት በካናዳ ካቋቋሙት አንዱ ነው። ሥራው የተመሰገነ ነበር። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ትዊተር ኩባንያውን ገዛው፤ አገልግሎቱም በኋላ ተዘጋ። ደንበኞቹ መዝገባቸውን ይዘው ሌላ ቤት መፈለግ ነበረባቸው። ጥሩ ሰዎች የሠሩት እንኳ ቢሆን፣ በሌላ ሰው ቤት ያለ መዝገብ ያው በሌላ ሰው ቤት ያለ መዝገብ ነው።

ጥቅሙን ብቻ ነግረን ጉዳቱን ብንደብቅ ለወንድማችን አልመከርነውም። ስለዚህ አራት ነገር እናስጠነቅቃለን።

አንደኛ፣ ስሞልቶክ ያለውን ሁሉ የሚያስቀምጠው "ኢሜጅ" በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋ የተጻፈው ፕሮግራም ለውጡን በሚመዘግበው ሌላ ፋይል ስለሚተርፍ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ያልተቀመጠው የደንበኞች ሂሳብ ግን ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዱቤና ክፍያ በተመዘገበ ቁጥር ወዲያው ወደ ፋይል ወይም ወደ ዳታቤዝ እንዲጻፍ ማድረግ፣ በየማታውም ግልባጩን በፍላሽ ከሱቁ ውጭ ማኖር ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ ስሞልቶክ ሂሳብን የሚያሰላው ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ነው። ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ አራት ቢሉት፣ በትምህርት ቤት የተማርነውን 14 ሳይሆን 20 ይመልሳል። ገንዘብ በሚሰላበት ቦታ ሁሉ ቅንፍ ማድረግ አይረሳ።

ሦስተኛ፣ ውስጡን ለባለቤቱ የሚያሳየው በር ለሌባም ሊያሳይ ይችላል። ሥራ ላይ የዋለ መዝገብ የይለፍ ቃል ሊኖረው፣ የስህተቱም ዝርዝር በደንበኛ ስልክ ላይ እንዳይታይ ሊደረግ ይገባል።

አራተኛ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት ማወቅ ያለበት እውነት አለ። አሠሪዎች በብዛት የሚጠይቁት ጃቫስክሪፕት፣ ፓይተን ወይም ፒ-ኤች-ፒ የተባሉትን ነው። ስሞልቶክን የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ መጻሕፍቱም በነፃ የሚነበቡ ቢኖሩም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። በስሞልቶክ ማሰብን የተማረ ግን ሌሎቹን ለመማር አይቸገርም፤ ዛሬ በሌሎች ቋንቋዎች የተለመዱ ብዙ ሐሳቦች መጀመሪያ የተወለዱት እዚያ ነውና።

ወንድማችን ሆይ፣ ታዲያ ከየት ትጀምር? በመጀመሪያው ሳምንት ፋሮን ክፈትና እዚያው ውስጥ ያለውን የመማሪያ መግቢያ አጥና፤ ቁጥሮችንና ቃላትን በመልእክት ማናገር ተለማመድ። በሁለተኛው ሳምንት ሲሳይድን አስገብተህ ቆጣሪውን ሥራ፤ ቁጥሩን "የቀረ ስኳር በኩንታል" ብለህ ሰይመው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ፣ አንድ ዱቤ፣ አንድ ክፍያ ብቻ የሚያውቅ መዝገብ አብጅ። ከዚያም በራውተሩ በኩል ከስልክህ ክፈተው። ስህተት ሲመጣ አትደንግጥ፤ መስኮቱን አትዝጋው፤ አንብበው። ይህ ቋንቋ ከሌሎቹ የሚበልጠው ስትሳሳት ነው።

የአባትህን ደብተር ግን ከእጃቸው አታስጥል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ መስከረም 1 ተጀምሮ ጳጉሜን እስኪያልቅ፣ ደብተሩና መዝገቡ ጎን ለጎን ይሂዱ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ከአባትህ ጋር ተቀምጠህ አስታርቃቸው። ልዩነት ሲገኝ "ኮምፒዩተሩ እንዲህ ይላል" ብለህ አትከራከር፤ ከፍተህ ምክንያቱን አሳያቸው። ዕዳን መጻፍ ሃይማኖታችን ያዘዘን ነገር ነው፤ የጻፈውም ሰው ስለጻፈው ይጠየቃል። ጽሑፉን በማሽን ብንጽፈውም አማናው ከእኛ ጫንቃ አይወርድም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። በደብዳቤህ ስለ መዝገቡ ብዙ ጽፈሃል፤ እኚያ እናት ይቅርታ ስለመጠየቃቸው ግን ምንም አላነበብንም። ፋሮን ከመክፈትህ በፊት አባትህን ይዘህ ወደ ቤታቸው ሂድ። የተጠየቁት በሰው ፊት ነውና ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። የወር ዝርዝር ላይ ጳጉሜንን መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የተሰበረ ልብ መጠገን ግን ለማሽን የተሰጠ ሥራ አይደለም።

መዝገብህ ሥራ ሲጀምር እንደምትጽፍልን ተስፋ እናደርጋለን። ሌሎች አንባቢያንም በየከተማችሁ የገጠማችሁን ብትጽፉልን በሌላ እትም እንመለስበታለን። እስከዚያው ሰላም እንሰንብት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።